ስለ ፕሮሶፒስ ዛፍ ያለኝ አሳብ



ዛፍ መትከል መልካም ሥራ መሆኑን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ከአሜሪካ ምድር መጥቶ በአዋሽ ሸለቆ ስለ ተስፋፋው ስለ ፕሮሶፒስ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ዛፉ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ በአፋር ምድር ተተከለ። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለታቸው ነው። (በማን ዘመን እንደ መጣ ስሙ ይመሰክራል።) በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የሳተላይት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በአፋር ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት ይዞአል። በበጋ ሌላው ሲደርቅ እርሱ ለምለም ስለሆነ ከሰማይ ይለያል። ወደፊት የት እንደሚደርስ መገመትም አያስቸግርም፤ የወንዝ ዳር፣ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳና የከብት መሄጃ የእርሱ መንገዶች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሳተላይት የሚያየው ጫካ የሆነውን ነው እንጂ ትናንት የበቀለውን አይደለም። ጫካ ከሆነ በኋላ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ እሾሁም ሰውና ከብት አያሳልፍም። ቡቃያውን ግን ልጅ እንኳ በእጁ ይነቅለዋል።

ይህን የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በአዋሽ ዳር ካለው ከአሚባራ ፍየሎች ገዝተን ወደ መንደራችን ስንመለስ፣ የዛፉን ጣፋጭ ፍሬ በመንገድ እንዲበሉ የፈቀድሁ እኔ ነኝ። ዘሩ በፍየል ሆድ አልፎ ሳይሞት ይወጣል። ከክረምቱ በኋላ በበረታችን አጠገብ አሥራ አንድ ቡቃያ ቆጠርሁ። አባቴ «ጥላ ይሆነናል፣ ተወው» አሉኝ። ዘጠኙን ሳላስፈቅድ ነቀልሁ፤ ሁለቱን ግን አጥር አጥረው ጠበቁብኝ።

ስለዚህ አሳቤ ይኸው ነው። ከዚያ አገር የተገዛ ከብት ከመንጋው ሳይቀላቀል ጥቂት ቀን በአንድ በረት ይቆይ። ፍሬውን መኖ ማድረግ የሚሻም ዘሩ እስኪደቅ ፈጭቶ ይስጥ። እኛም ተማሪዎች ዝናብ ባባራ ቁጥር በየመንደራችን ዞረን እንይ፤ ያገኘነውን ነቅለን ቦታውን ለግብርና ባለሙያው እንንገር። ካርታ የሚሠሩት ሊቃውንት ይህን ዓይን ከእኛ በቀር ከማን ያገኛሉ?

አባቴ ይህን መጽሔት እንደሚያነቡ አውቃለሁ። እነዚያ ሁለት ዛፎች ቁመቴን በልጠዋል፤ ዘንድሮም አብበዋል። አባቴ ሆይ፣ ፈቃድዎ ቢሆን ፍሬያቸው ሳይወድቅ ቅዳሜ ዶማ ይዤ እመጣለሁ።