አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሥርዓት

በዚህ እትም የምንመለከተው ከወለንጪቲ ባልና ሚስት የደረሰንን ጥያቄ ነው። የቤታቸው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ሲሆን ዊንዶውስ 11ን አልቀበልም ብሏቸዋል። ስለዚህ ወንድማችን ዊንዶውሱን አጥፍቶ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሊጭን አሰበ። እኅታችን ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፎቿ፣ የመዘምራኑ መዝሙሮችና የሠርጋቸው ፎቶዎች እዚያው ስላሉ አልተስማማችም። “ትክክሉ ማን ነው?” ሲሉ ጠይቀውናል።

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን የደኅንነት ማሻሻያ ካላገኘ ለቫይረስ ይበልጥ ይጋለጣል። በሌላ በኩል በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ይሆናል። የእኅታችን ስጋት ከንቱ አይደለም።

ደግነቱ አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማጥፋት ግድ አይደለም። ሃርድ ዲስኩን ከፍሎ ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ “የትኛውን ልክፈት?” ብሎ ይጠይቃል። ለጀማሪ የሚመቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኡቡንቱ ነው። ቢያንስ 25 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን እነዚህን አድርጉ።

አንደኛ፣ አብራችሁ ተቀመጡና ሊጠፋ የማይገባውን ነገር ዘርዝሩ። ሁሉንም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ገልብጣችሁም ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ የኡቡንቱ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አዳማ ስትወጡ ፈጣን ኢንተርኔት ካለበት ብታወርዱት ይሻላል። የምትጭኑበት ፍላሽ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ። ሳትጭኑትም ከፍላሹ ላይ አስነሥታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለታችሁም ሞክሩት።

ሦስተኛ፣ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዊንዶውስ በፍጥነት እንዲነሣ የሚያደርገውን ምርጫም አጥፉ፤ አለዚያ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል እንደልቡ ሊጠቀምበት አይችልም።

አራተኛ፣ ባትሪውን ሙሉ። መብራት ሳይናገር ይሄዳል፤ ዲስኩ እየተከፈለ ሳለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ፋይሎቻችሁ ሊበላሹ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ በጫኙ ላይ “ከዊንዶውስ ጎን ጫን” የሚለውን ምረጡ። “ዲስኩን አጥፋ” የሚለውን ከነካችሁ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ከተጫነ በኋላ የዊንዶውሱ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቢቀር አትደንግጡ። ሊኑክስ ሰዓቱን በግሪንዊች አቆጣጠር ስለሚይዝ ነው፤ በአገራችን ሰዓት እንዲይዝ ማስተካከል ይቻላል። የጋራ ፋይሎችንም በዊንዶውሱ ክፍል አስቀምጡ። ሊኑክስ የዊንዶውስን ፋይል ያነባል፤ ዊንዶውስ ግን በራሱ የሊኑክስን አያነብም። እንግዲህ ኢንተርኔቱን በሊኑክስ፣ የቆዩ ጽሑፎቻችሁን ደግሞ በዊንዶውስ ብትጠቀሙ ሁለታችሁም ያሰባችሁት ይሞላል።

ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ምክር ልጨምር። ስለ ኮምፒውተር አንተ የበለጠ ታውቅ ይሆናል፤ እዚያ ውስጥ ያለውን የዓመታት ድካም የምታውቀው ግን እርሷ ናት። ጌታ በሉቃስ 14፥28 ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረውን አብራችሁ አንብቡ፤ ሒሳቡን ስትተምኑ የእርሷም ድካም ይቆጠር። የይለፍ ቃሉንም ሁለታችሁ እወቁት።

በኮምፒውተሩ ላይ አንዱ ሥርዓት እንዲሠራ ሌላው መዘጋት አለበት። በትዳር ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚዘጋበት ቤት አይጸናም። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።