አድራሻ አዳዩ በሩን ይለይ

በመኖሪያ ሕንፃዎቻችን ኢንተርኔት ጠፋ በተባለ ቁጥር የሚረገመው መሥመሩ ነው። እኛ ግን ጥፋቱ አድራሻ ከሚያድለው ማሽን አሠራር ሊመጣ እንደሚችል ለማሳሰብ እንወዳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ወደ መረብ ሲገባ ገና አድራሻ የለውምና «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ በአካባቢው ሁሉ ይጣራል። መልስ የሚሰጠው ዲኤችሲፒ የተባለው አገልግሎት ነው፤ ደንቡ በ1993 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1997 ተሻሽሏል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን መልስ ይቀበላል፤ የመላሹን ሥልጣን አይመረምርም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

አዳዩ ማሽን ሁለት የመረብ ካርድ ካለው፣ አንዱ ወደ ዋናው መረብ፣ ሁለተኛው ወደ መኝታ ክፍሎች፣ ባለ ሁለት በር ቤት ነው ማለት ነው። በውስጠኛው በር ብቻ እንዲያድል ካልተወሰነና የውጭው መረብም በዝርዝሩ ከገባ፣ ለጎረቤት ሕንፃ ጭምር የማይሆን አድራሻና የተሳሳተ መውጫ ያድላል። ያን ጊዜ ፈተና የደረሰበት ተማሪ የቤተ መጻሕፍቱን ገጽ መክፈት ያቅተዋል፤ ማንን እንደሚጠይቅም አያውቅም።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፣ የውስጠኛው ካርድ የራሱ ቋሚ አድራሻ ይኑረው፤ ለምሳሌ 192.168.10.1። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ የሚያዳምጥበት ካርድ በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ሌላ ውስጠኛ ካርድ ቢጨመር ክፍሉ የተለየ ይሁን፤ 192.168.10 ለአንዱ ከሆነ 192.168.20 ለሌላው ይሰጥ እንጂ አንዱ ክልል ለሁለት አይደገም።

ለብዙ ዘመን ያገለገለው የአይኤስሲ ዲኤችሲፒ ጥገናው በ2022 እ.ኤ.አ. ቆሞ ኬያ ተተክቷል። በኬያ በካርዱ ስም ፈንታ የኮከብ ምልክት ማስገባት ይቻላል፤ ትርጉሙ «በሁሉም በር አዳምጥ» ነው። ይህ ለቸኳይ ሰው ይመቸዋል፤ እኛ ግን ባለ ብዙ በር ማሽን ላይ አንደግፈውም።

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በዚህ ምን አገባው?» የሚሉን አይጠፉም። መረቡ የሁላችንም እስከሆነ ድረስ ያገባናል። ስለዚህ የትኛው ካርድ ወደየት እንደሚያይ በወረቀት ተጽፎ በየማሽኑ ላይ እንዲለጠፍ፣ ለውጥ ሲደረግም ለተማሪው አስቀድሞ እንዲነገር ኅብረታችን ይጠይቅልን እንላለን።