ሠራዊት ይመክራል፤ ሕዝብ ይወስናል

ከጎረቤቶቻችን ጋር በሰላም ወይም በጦርነት የምንኖረው በማን ውሳኔ ነው? የድርጅታችን መልስ አጭር ነው፤ በሕዝብና በእንደራሴዎቹ ውሳኔ ብቻ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ጦርነት የማወጅ ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። በአንቀጽ 87 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል፣ ሠራዊቱም ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ እንዲሆን ደንግጓል። ጉድለቱ ያለው በአሠራሩ ነው።

ሶማሊያን እናስታውስ። ምክር ቤቱ ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም. ለመንግሥት ሥልጣን ሲሰጥ፣ መንግሥት በዚያ ያሉት ጥቂት የጦር አሠልጣኞች ብቻ ናቸው ይል ነበር። ጦሩ ውጊያ ላይ መሆኑን በይፋ ያመነው ታኅሣሥ 15 ቀን ነው። ለሳምንታት የተባለው ቆይታ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሠራዊቱ ጥር 2001 ዓ.ም. ወጣ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ከተዋጋናቸው የእስልምና ፍርድ ቤቶች መሪዎች አንዱ የነበሩት ሼክ ሸሪፍ አህመድ በጅቡቲው ድርድር መሠረት የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በመጨረሻ በድርድር የተፈታውን ጉዳይ ከደም መፍሰስ በፊት መሞከር አይቻልም ነበርን? ይህ ጥያቄ በጊዜው በሚገባ አልተመከረበትም። ነገር ካለፈ በኋላ የሚጠይቅ ምክር ቤት ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ይሆናል።

ይህን ስንል ሠራዊቱን እየወቀስን አይደለም። ወታደሩ የታዘዘበት ሄዷል፣ ቆስሏል፣ ሞቷል። አዛዡም ስለ ጠላት አሰላለፍና ስለ ጦር አቅም ከማንም የተሻለ ያውቃል። ነገር ግን የውጭ ግንኙነት ከዚህ ይሰፋል፤ ንግዱ፣ ወደቡ፣ ወንዙ፣ በጎረቤት አገር የሚኖረው ወገናችን ሁሉ አለበት። ጉዳዩ ገና ከጅምሩ በወታደር ዓይን ብቻ ከታየ፣ ዲፕሎማት የሚጠራው ጥይት ካለቀ በኋላ ይሆናል።

በዴሞክራሲ የኖሩ አገሮች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ጄኔራል ማክአርተር ጦርነቱን ወደ ቻይና ለማስፋት ፈልጎ የመንግሥቱን ፖሊሲ በአደባባይ ተቃወመ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ይህን በሕዝብ የተወደደ ጀግና ከሥልጣኑ አነሣው። የእኛው የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው ከዚህ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የዚያ ውሳኔ ትርፍ ለልጆቻችንም ተርፏል። በጀርመን ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በሰጠው ውሳኔ መሠረት መንግሥት ጦር ወደ ውጭ ለውጊያ የሚልከው ፓርላማው ሲፈቅድ ነው፤ ፈቃዱም የወታደሩን ብዛት፣ ጊዜውንና ወጪውን ይወስናል።

ስለሆነም ብንመረጥ የሚከተሉትን በሕግ እናጸናለን፦

1ኛ. ያለ ምክር ቤቱ ቅድሚያ ፈቃድ ጦር ከድንበር ውጭ አይዘምትም። ፈቃዱ ተልዕኮውን፣ ብዛቱን፣ ወጪውንና የጊዜ ገደቡን ይዘረዝራል። ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ክርክር ይደረግበታል። ድንገተኛ ወረራ ቢደርስ መንግሥት ወዲያው ይከላከላል፤ በሦስት ቀን ውስጥም ለምክር ቤቱ ያስረዳል።

2ኛ. የሞተና የቆሰለ ወታደር ቁጥር ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ከዚያ በፊት ግን ወላጅና ባለቤት ይነገራቸዋል። እናት ልጇን ከወሬ አትፈልግም።

3ኛ. ከጎረቤት ጋር የሚደረገውን ድርድር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመራል። አዛዦች ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሙያዊ ምክራቸውን ያለ ፍርሃት ይሰጣሉ፤ ውሳኔው ግን የእንደራሴዎች ነው።

ውድ መራጮች፣ ልጁን ለአገሩ የሚሰጥ ሕዝብ ለምን እንደሚሰጥ አስቀድሞ የመጠየቅ መብት አለው። ይህ መብት እንዲከበር ድምፃችሁን ስጡን፤ እኛም በሥልጣን ላይ ስንሆን ይህንኑ ጥያቄ ጠይቁን።