«ደኅና ነኝ» የሚለው መልስ ብቻ አይበቃም

በዘንዘልማ ግቢያችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ባሕር ማዶ መሻገርን የማይመኝ ተማሪ ጥቂት ነው። ስለ ነፃ ትምህርቱ ዕድል፣ ስለ ፈተናውና ስለ ቪዛው ብዙ ይወራል። እዚያ ስለሚጠብቀው ኑሮ ግን የሚናገር አይገኝም።

ኮሪያን ለምሳሌ እንውሰድ። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደዚያች አገር ዘምቶ ደሙን ስላፈሰሰ የኢትዮጵያ ስም በኮሪያውያን ዘንድ የተከበረ ነው። ከሴኡል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ እንደ ባሕር ዳር በሐይቅ ዳር በተቆረቆረችው በቹንቾን ከተማ፣ በ1960 ዓ.ም. የቆመው የመታሰቢያ ሐውልት ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ሐውልት ብቸኛ ተማሪን አያጫውትም።

የኮሪያ መንግሥት በነፃ የሚያስተምራቸው የውጭ አገር ተማሪዎች፣ በአብዛኛው ዋናውን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራሉ። በአገሩ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ እዚያ እንደ ሕፃን ፊደል ቆጣሪ ይሆናል። በጥር ወር ውሃው በረዶ ይሠራል። ጾመኛው፣ ከጎመን የሚሰናዳው ኪምቺ እንኳ ብዙ ጊዜ የዓሣ ቅመም እንደሚገባበት ሲረዳ ግራ ይጋባል። እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከትምህርት ስንመለስ በሴኡል እኩለ ሌሊት ነውና፣ ልናጫውተው ስናስብ እርሱ ተኝቷል፤ ወይም ተኝቷል ብለን እንተወዋለን።

እንዲህ ያለው ተማሪ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል። ዘመድ አዝማድ መርቆ የሸኘው ልጅ «ከበደኝ» ማለትን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አጥብቆ የሚጠይቅ በሌለበት፣ የሚገልጠውስ ለማን ነው?

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በውጭ አገር ተምራችሁ የተመለሳችሁ መምህሮቻችን፣ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉልን ያያችሁትን ብርድና ብቸኝነት፣ የተሻገራችሁበትንም ዘዴ ሳትሸሽጉ ንገሩን። ሁለተኛ፣ በባሕር ማዶ ጓደኛ ያለን ሁሉ የአገሩን ሰዓት ቆጥረን እንደውል። «ደኅና ነህ ወይ?» ብለን ብቻ አንዝጋ፤ «ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር ዋልህ?» እንበል።

ከሌላ አገር መጥቶ በአገራችን የሚማረውንም በዚሁ አንደበት እንጠይቀው። እርሱም ለእናቱ «ደኅና ነኝ» እያላት ይሆናል።