የጅቡ ጉትቻ

ኮተቤ ማደር የለመደ ሰው ጅብ ሲጮህ አይደነግጥም። ከእንጦጦ ሰንሰለት በየካ ጫካ አድርጎ ይወርዳል፤ ያገኘውን ለቃቅሞ ጎህ ሳይቀድ ይመለሳል። እኔን ያስደነገጠኝ ቡና ላይ የሰማሁት ወሬ ነው። የሁለት ዲግሪ ባለቤት የሆነው ጎረቤቴ፣ ልጁ ትኩሳት ይዞት ሰንብቶ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐኪም ቤትስ ወስደነዋል፤ ግን ያቺ ሸክላ ሻጭ በር ላይ አይታው ነበር» አለኝ። ይህን ሲል ቡናው ከጀበና እየተቀዳ ነው። «ጀበናዋንስ ከማን ገዛችኋት?» ብለው፣ «ከእሷው» አለ። አልሳቀም።

መቼም ጭራቅ የሌለው አገር የለም። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን እ.ኤ.አ. በ1818 ስታሳትም 20 ዓመቷ ነበር። ዘመኑ ኤሌክትሪክ የሞተ እንቁራሪት እግር ሲያንፈራግጥ ታይቶ፣ «ሳይንስ ሞትንም ሳያሸንፍ አይቀር» የተባለበት ነው። በልቦለዱ ውስጥ ቪክቶር ፍራንከንስታይን ሕይወት የዘራበትን ፍጡር መልኩን አይቶ ጥሎት ይሸሻል። ፍጡሩም የሚከፋው ሰው ሁሉ ሲገፋው ነው። ደራሲዋ ለፍርድ ያቀረበችው ሠሪውን ነው፦ ለሠራኸው ነገር ኃላፊነት የለብህም ወይ? ፍጡሩ ስም ስላልተሰጠው፣ ሕዝቡ በሠሪው ስም ፍራንከንስታይን ይለው ጀመር።

እኛስ? የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። እነሱ ጭራቁን በሠሪው ስም ጠሩት፤ እኛ ሠሪውን በጭራቅ ስም ጠራነው። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለው ሌሊት ጅብ ይሆናል አልን። የተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ ብለንም ተረክን። ገበሬው ማረሻውን፣ እናቶቻችን ምጣዱን የተቀበሉት ግን ከዚሁ «ቡዳ» ከተባለ ሰው እጅ ነው። በድሮው ሥርዓት ብዙዎቹ ባለእጆች ርስት አልነበራቸውም፤ ጋብቻም ተከልክለዋል። እንግዲህ ተረቱ ለምን እንዳስፈለገን ግልጽ ነው። ያለ እሱ የማንኖረውን ሰው ለመናቅ ሰበብ ያሻል፤ ሰበቡን ጅቡ ሰጠን።

በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት አፄ ምኒልክ ይህ ገብቷቸው ነበር። ባለእጁን እየሰደቡ ሥልጣኔ እንደማይመጣ ስላዩ፣ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን «ጠይብ» እያሉ መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ሹክሹክታውን ግን ማን ይከልክለው?

«ኧረ ይሄ ያለፈ ነገር ነው፤ ሳይንስ ሲስፋፋ ይጠፋል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እስቲ ቀና በሉና እንጦጦን እዩት። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ለመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም የመሬት ጣቢያው የተሠራው እዚያው ነው። ከዚያው ተራራ ሥር ደግሞ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች አሉ። ኮከቡን በመስታወት እያየን፣ የጎረቤታችንን ዓይን እንፈራለን! ጎረቤቴ ዲግሪ አላነሰውም። ቡዳ ያለማወቅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤት በጨረሰው ነበር። ንቀት ስለሆነ ግን ከነዲግሪው ተሸክሞት ይዞራል።

ደግሞስ ሳይንስ ከየት ይጀምራል? የትኛው አፈር ከየትኛው ቢደባለቅ እሳት ላይ እንደማይሰነጠቅ፣ ስንት ቀን ጥላ ውስጥ መድረቅ እንዳለበት፣ እሳቱ መቼ እንደበቃው በዓይኗ የምትለይ ሴት፣ እውቀቷ ምን ይባል? ሌላ አገር ቢሆን ይጠይቋትና ይጽፉት ነበር። እኛ የፈራነው ያንኑ ዓይኗን ነው። የሚሠራውን ሰው እያሸማቀቀ ሳይንቲስት የሚመኝ ሕዝብ፣ ቴሌስኮፑን ሲገዛ ይኖራል እንጂ አይሠራውም።

የጎረቤቴ ልጅ ሐኪሙ ባዘዘለት መድኃኒት ድኗል። ሸክላ ሻጯ ዛሬም በሰፈራችን ታልፋለች። ጀበናዋ ይገዛል፤ ሕፃናቱ ግን ድምፅዋ ሲሰማ ወደ ውስጥ ይጠራሉ።