ትራክተሩ በቀን ይለፍ፣ በጨለማ ይቁም

በአጨዳ ወራት ከአሰላ በቆጂ፣ ከአሳሳ ዶዶላ በሚወስደው አስፋልት የተጓዘ ሰው ኮምባይነር ሳያጋጥመው አይቀርም። አርሲ ላይ ሥራ የጨረሱት ዲንሾን አቋርጠው እስከ ሮቤና ሲናና ይዘልቃሉ። ትራክተሮችም ማረሻ ተሸክመው ወይም ተሳቢ ጎትተው ያንኑ መንገድ ከሚኒባሱ፣ ከአይሱዙውና ከጋሪው ጋር ይጋራሉ። ለማሳ የተሠሩ ማሽኖች በሕዝብ መንገድ ይሂዱ ወይስ ይከልከሉ የሚለው ክርክር አደጋ በደረሰ ቁጥር ይነሳል። የዚህ ጋዜጣ አቋም ይሂዱ የሚል ነው፤ በቀን ብቻ፣ በሚገባ እየታዩና ተመዝግበው።

ይከልከሉ የሚሉት ወገኖች ስጋታቸው እውነት ነው፤ ያቀረቡት መፍትሔ ግን አያስኬድም። የገበሬው ማሳ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነው። ሌላ ጥርጊያ ቢኖር እንኳ ዝናብ ሲጥል ዋልካው ጎማ ይይዛል። ኮምባይነሩ በሎቤድ ተጭኖ ይምጣ ቢባል ወጪው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ኪራይ በሚከፍለው ባለ ትንሽ ማሳ ላይ ነው፤ የደረሰ ስንዴ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። አርሲ በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ከጀመረው ከጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ዘመን አንስቶ ከእርሻ መሣሪያ ጋር የኖረ አገር ነው። መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ወስኗል። ማሽኑን አስገብቶ መንገዱን መንፈግ ራስን በራስ መቃረን ነው።

ሰው የሚገድለው የፍጥነት ልዩነትና ጨለማ ነው። ትራክተር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል እንበል፤ ከኋላው የሚመጣው ሚኒባስ በ80 ይበራል። በመካከላቸው ያለው 100 ሜትር በ7 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ቀን ከሆነ ሾፌሩ ከሩቅ አይቶ ፍሬን ይይዛል። ሲመሽ ግን የሚያየው ነገር የለም፤ የተሳቢው የመብራት ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል፣ ወይም ከኋላ የተንጠለጠለው የዲስክ ማረሻ የትራክተሩን መብራት ጋርዶታል። ጭቃ የለበሰ ብረት በፊት መብራት ብርሃን እንኳ ከመንገዱ አይለይም። የኮምባይነሩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፊት ለፊት ያለው ማጨጃው ከ4 ሜትር በላይ ይሰፋል፤ የገጠሩ አስፋልት በጠቅላላው 7 ሜትር ገደማ ነው። ማጨጃው ሳይወልቅ የሚጓዝ ኮምባይነር የተቃራኒውን መስመር ተሻግሮ ይሄዳል ማለት ነው፤ ኩርባ ላይ የሚገጥመው አውቶቡስ ማምለጫ የለውም።

ስለዚህ ከማታ እስከ ንጋት ትራክተርም ኮምባይነርም ከአስፋልት ይውጣ። ሥራ በዝቶብናል የሚለውን ምክንያት አንቀበልም። ረጅም መንገድ የሚሄድ ኮምባይነር ማጨጃውን አውልቆ በራሱ ጋሪ ከኋላ ይጎትት፤ በአውሮፓ የተለመደው አሠራር ይህ ነው። ለአጭር ርቀት ከነማጨጃው መሻገር ግድ ከሆነም ከፊትና ከኋላ ባንዲራ የያዘ ሰው ያጅበው።

የሚታይ ምልክት ውድ ነገር አይደለም። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው፣ ዙሪያው ቀይ አንጸባራቂ የሆነ ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን፣ ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ገጠሮች ዝግ ብሎ የሚሄድ መኪና መለያ ነው። ከትራክተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሳንቲም ያህል ነው። አስመጪዎች ማሽኑን ሲሸጡ አብረው እንዲለጥፉት ይገደዱ።

በትራክተር ጭቃ መከላከያና በተሳቢ መጎተቻ ላይ ተቀምጦ መሄድ በጥብቅ ይከልከል። ገበያ የሚወጡ እናቶችና ተማሪዎች እዚያ ላይ የሚቀመጡት ሌላ መጓጓዣ ስላጡ መሆኑን እናውቃለን፤ ክልከላው ከትራንስፖርት አቅርቦት ጋር ካልተያያዘ አይሠራም። ሰሌዳ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ማሽን አስፋልት አይርገጥ፤ አለበለዚያ የተጎጂ ቤተሰብ ካሳ ለማግኘት ይቸገራል። የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌሮችም ቢሆኑ ከትራክተር ኋላ ደርሰው ኩርባ ላይ መቅደማቸውን ካላቆሙ ጥፋቱ የገበሬው ብቻ ሊሆን አይችልም።

የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮና የዞን ትራፊክ ፖሊስ ይህን ለማስጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ከመጪው አጨዳ በፊት የኮምባይነር ባለቤቶችን ሰብስበው የማታ ጉዞ መቆሙን ያሳውቁ፤ ኮምባይነሮች የሚያድሩበት ቦታም በየወረዳው መግቢያ ያዘጋጁ።