ማሳው ባዶ በሆነበት ወር

እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡን ነው። በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች ግን ክረምት ማለት አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ የሚደነድንበት ጊዜ ነው። አፈሩ በብርድ ይጠነክራል፣ መልሶ ይቀልጣል፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ሲሞቱ የያዙትን ናይትሮጅን ይለቃሉ። የሚወስደው ሥር ስለሌለ የቀለጠው በረዶ አጥቦት ይሄዳል፤ ከፊሉም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ያህል አየርን የሚያሞቅ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ዴንማርክ በዚህ ምክንያት ሕግ አውጥታለች፤ ገበሬው አዝመራውን ካነሣ በኋላ በተወሰነው ማሳው ላይ ናይትሮጅኑን የሚይዝ ተክል መዝራት አለበት።

ላሊበላ ያለችበት ላስታም የምትከስረው ማሳዋ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። እኛ ግን ጭንቀታችን ሁሉ ቡቃያው ላይ ስለሚበተነው ዩሪያ ነው።

ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ውርጭ ገብሱን ይመታል እንጂ መሬቱን ለወራት አያደነድንም። በውርጩ ፋንታ ረጅሙ በጋ አለ። በኬንያ ይሠራ የነበረው የአፈር ተመራማሪ በርች እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳሳየው፣ ደርቆ የከረመ አፈር ውኃ ሲያገኝ ተሕዋስያኑ ድንገት ይነቃሉ፤ በጥቂት ቀናትም ብዙ ናይትሮጅን ይለቀቃል። በዚያ ሰዓት የላስታ ገብስ ገና አልበቀለም ወይም አልተዘራም። ተደጋግሞ የታረሰውን ተዳፋት የመጀመሪያው ዶፍ ይጠርገዋል። ተከዜ ከእነዚህ ተራሮች ነው የሚነሣው፤ በሰኔ ደፍርሶ የሚወርደው ውኃ የማሳው ለም አፈር ነው።

ዝናቡ ከመምጣቱ በፊትም እሳቱ አለ። አንዲት እናት እበቱን ከገለባ ጋር በእጇ ታሸዋለች፣ ትጠፈጥፈዋለች፣ በድንጋዩ ካብ ላይ ትለጥፈዋለች። ኩበቱ ሲደርቅ የአምስት ጣቷ ምልክት ይቀርበታል። ምድጃ ሲገባ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ይቀራሉ፤ ናይትሮጅኑ ግን ከሞላ ጎደል ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመዱም የሚደፋው ጓሮ ነው። ጎመኑ ሲለመልም ራቅ ያለው ማሳ ከዓመት ዓመት የሚሳሳው አንድም በዚህ ነው። በእሷ አልፈርድም፤ እንጨት የለም። ጥንታዊው የጥድ ደን የቀረው እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ባሉ ደብሮች ዙሪያ ነው።

«ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ እበት ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም» የሚል አለ። ልክ ነው። ነገር ግን እበት በማይደርሰው፣ በሳሳ አፈር ላይ የተበተነው ዩሪያም ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ ይታጠባል። ናይትሮጅኑንም ውኃውንም አቅፎ የሚያቆየው ብስባሹ ነው፤ ብስባሽ የሚሆነው እበት ደግሞ ምድጃ ውስጥ እየነደደ ነው። ባቄላና አተር ከአየር ናይትሮጅን ያመጡልናል፤ ከነሥራቸው ሲነቀሉ ግን ሥሩ ላይ ያሉት ናይትሮጅን ያዥ እብጠቶች አብረው ይወጣሉ። በማጭድ ቢታጨዱ ሥሩ ለመሬቱ ይቀር ነበር።

ስለዚህ የላስታ የማዳበሪያ ጉዳይ የማገዶ ጉዳይም ነው እላለሁ። በየጓሮው የሚተከል ችግኝ፣ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ የሚቆጥብ የእንጀራ ምድጃ፣ በግብርና ዕቅድ ውስጥ ከዩሪያው ጎን ሊጻፉ ይገባል። እናንተ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የዘንድሮን የዩሪያ ኩንታል ከመመዝገባችሁ በፊት፣ በሚያዝያ አንድ ቀን የገበሬው ማጀት ግቡና ምን እንደሚነድ እዩ።